ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት ስንገዛ የያዝናት ጠበቃ

ከኮከቡ ልጀምር። ከአምስት አራት ሰጥቻታለሁ። አንዱን የቀነስኩት በክፍያ ስምምነት፣ በደረሰኝና በስልክ ጉዳይ ነው፣ እሱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ስሟን አልጽፍም። ሳታውቅ የሰው ስም ኢንተርኔት ላይ መለጠፍ አልወድም። ደግሞም ይህን የምጽፈው ደንበኛ ልሰበስብላት አይደለም። ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሞጣ፣ ቤት ሊገዛ ወይም ሊሸጥ ያሰበ ሰው ጠበቃ ሲይዝ ምን ማየት እንዳለበት እንዲያውቅ ብዬ ነው።

እናቴ ከአዋበል ወደ ማርቆስ መግባት ፈለገች። ጉልበቷ ደክሟል፣ ለሕክምና መመላለሱም ሰለቻት። ደላላ አንድ ቤት አሳየን። የጭቃ ቤት ነው፣ ቆርቆሮው ደህና፣ ከኋላ ሰርቪስ ያለው፣ ግቢው ውስጥ ጌሾ የተተከለበት። እናቴ ገና ቤቱ ውስጥ ሳትገባ ጌሾውን አይታ ወደደችው። ሻጩ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ አንድም ነገር ሊደብቁን አልሞከሩም። ደላላው ግን "ሌላ ገዢ አለ፣ ዛሬውኑ ቀብድ ጣል አድርጉ" እያለ ወጥሮ ያዘን። እናቴ ደግሞ የጎጃም ሰው ናት፤ በሚስትና በርስት ቀልድ የለም። የሕግ ሰው ሳያየው አምስት ሳንቲም አልሰጥም አለች።

ታዲያ ማንን እንያዝ?

የመጀመሪያው አማራጭ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው፦ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ያለ ራፖር ጸሐፊ ጋ ሄዶ ውል ማስጻፍ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። እጃቸው የተባረከ፣ የአርባ ዓመት ልምድ ያላቸው አሉ፤ አልንቃቸውም። ነገር ግን ራፖር ጸሐፊ የነገሩትን ነው የሚጽፈው። ካርታው የማን እንደሆነ፣ ቤቱ በባንክ መያዙን ሄዶ አያጣራም፤ ሥራውም አይደለም። ውሉ መጨረሻ ላይ "በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው" ይላል። ሲነበብ ልብ ያሳርፋል። 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ነው የሚለው። በሕግ አግባብ ካልተቋቋመ ቁጥሩን አሥር ጊዜ ቢጽፉት ምን ዋጋ አለው?

ሁለተኛው ደላላው "የእኔ ጠበቃ" ያለው ሰው ነው። እሱን ወዲያው ተውነው። ሰውየው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ አላውቀውም። ግን ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። ጠበቃውም በየጊዜው ሥራ የሚያመጣለት ደላላው ነው። እንዲህ ያለ ሰው "ይህን ቤት ተዉት" ብሎ ይነግራችኋል ብዬ አላምንም።

ሦስተኛው አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችን ነው። ጎበዝ ጠበቃ ነው፣ በነፃም ሊሠራልን ፈቃደኛ ነበር። ግን ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሀል ላይ ዓባይ በረሃ አለ። ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ እንዴት እንደነበር የማርቆስ ሰው ያውቀዋል። አንድ የጎደለ ማኅተም ለማስመታት ሰው ከአዲስ አበባ አይጠራም። እሱ ራሱ ነው "እዚያው ያለ ሰው ያዙ፣ ማዘጋጃ ቤቱን የሚያውቅ፣ ክልሉ የሰጠው ፈቃድ ያለው" ያለን። ይህቺን ጠበቃ ያገኘናትም እሷ የውርስ ጉዳይ ከያዘችላት ጎረቤት ነው። ልብ በሉ፣ ጎረቤታችን ክሱን ተሸንፋለች። ተሸንፋም ግን "መጀመሪያውኑ እንደማያዋጣ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት" አለችን። ከዚህ የበለጠ ምስክርነት አልፈለግንም።

ቢሮዋ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የጥብቅና ፈቃዷ ግድግዳ ላይ። እኔ ቀኑን አየሁት፣ ታድሷል። አትፈሩ፣ እናንተም እዩ። ካልተሰቀለ ጠይቁ፤ ደህና ጠበቃ አይቀየምም።

የሽያጩን ወረቀቶች በፌስታል ይዘን ሄድን። ሻጩም አብረውን መጡ፣ ደላላውም ሳይጠራ መጣ። ገና ከመቀመጣችን "ሥራዬ ለገዢ ነው፣ ለሁለታችሁ አይደለም፤ አባባ፣ እርስዎ ከፈለጉ የራስዎን ሰው መያዝ ይችላሉ" አለቻቸው። ሽማግሌው "እኔ የምደብቀው የለኝም ልጄ" አሉ። ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል። ግን አንድ ጠበቃ ለገዢም ለሻጭም ሲሠራ ስንቱ ቤት ነገር እንደገባ ሰምታችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ ያነሳችው ካርታውን ነው። ካርታው በሽማግሌው ስም ነው። "ቤቱ የተሠራው ከጋብቻ በፊት ነው በኋላ?" አለች። በኋላ ነው። "እማማ የሞቱት መቼ ነው? ልጆች አሉ?" ሦስት ልጆች አሉ። ከዚያ እኔ የማላውቀውን ነገር አስረዳችን፤ እኔ ብቻ ሳልሆን ደላላውም የሚያውቀው አይመስለኝም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ማለትም በ1952ቱ፣ ኑዛዜ ከሌለ ባል ሚስቱን አይወርስም። ቤቱ የጋራ ከሆነ ግማሹ የእሳቸው ነው፣ የሟቿ ግማሽ ግን የልጆቹ ነው። ካርታው ላይ የማንም ስም ይኑር፣ ሽማግሌው ብቻቸውን ፈርመው ሊሸጡት አይችሉም። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ሦስቱም ልጆች መፈረም አለባቸው።

ደላላው እዚህ ላይ ተነሳ። "ልጆቹ እኮ ተስማምተዋል፣ አዲስ አበባ ያለው ውክልና ልኳል" አለና ከኪሱ አወጣው። እውነትም ውክልና ነው፣ ማኅተም አለው፣ ሁለት ገጽ ሙሉ። ጠበቃዋ ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ንብረቴን ያስተዳድርልኝ፣ ኪራይ ይሰብስብልኝ፣ ይክሰስልኝ፣ ይከራከርልኝ፣ ከባንክ ገንዘብ ያውጣልኝ… ሌላም ሌላም። ጨርሳ ወረቀቱን ወደ ደላላው አዞረችው። "ይሽጥልኝ የሚለው የቱ ጋ ነው?"

የለም።

ጠቅላላ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ አይበቃም፣ ልዩ ሥልጣን መሰጠት አለበት፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ነው አለችን። ቤት ከውጭ አገር ወይም ከሌላ ከተማ በውክልና የምትገዙ ሰዎች ይህን አንብባችሁ እለፉ አልላችሁም፣ ቆማችሁ አንብቡት። ውክልናው ላይ መሸጥ የሚል ቃል ከሌለ፣ ወይም ውክልናው ተሽሮ ከሆነ፣ የያዛችሁት ቤት ሳይሆን ወረቀት ነው። መሻሩን ደግሞ ውክልናው የተሰጠበት መሥሪያ ቤት ሄዶ ማጣራት ይቻላል። እሷ አጣራችልን። ልጁም ሌላ ውክልና አስደርጎ ላከ።

የቀብዱ ነገር እዚሁ ይምጣ። ቀብድ ተራ መተማመኛ ይመስለን ነበር። በሕጉ ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ወረቀት ላይ ሲታይ ገዢውን የሚጠቅም ነው። ግን ሽማግሌውን እጥፍ ክፈሉ ብሎ መክሰስ ሌላ፣ ከእሳቸው ብር ማግኘት ሌላ። ደላላው ባለን ቀን ቀብድ ሰጥተን ቢሆን፣ መሸጥ በማይችሉ ሰው እጅ ብራችን ቁጭ ብሎ ልጆቹን እንለምን ነበር። ለእኔ የጠበቃ ዋጋ ያለው እዚህ ጋ ነው። ውል መጻፉን ብዙ ሰው ይችላል። ብር ከኪስ ከመውጣቱ በፊት "ቆይ" የሚል ሰው ነው የሚከፈልበት። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ጠበቃ ጋ የሚሄድ ሰው የሚከፍለው ለክስ ነው፤ ክስ ደግሞ ውድ ነው።

ማዘጋጃ ቤት ላይ ያደረገችው ሥራ የአካባቢ ጠበቃ ለምን እንደሚሻል ያሳያል። የትኛው መስኮት ምን እንደሚሠራ ታውቃለች። ፋይሉን አስወጣች፣ ካርታው ከፋይሉ ጋር መመሳሰሉን አየች፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጻፍ አመለከተች። አንድ ነገር አስተማረችኝ፦ ደብዳቤው የሚናገረው ስለተጻፈበት ቀን ነው። ዛሬ ነፃ የሆነ ቤት በሚቀጥለው ሳምንት የፍርድ ቤት እግድ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው እንደወጣ ቶሎ እንድንፈራረም አደረገች። ከዓመት በፊት የወጣ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ካለ አዲስ ይውጣ በሉት።

የዓመት ግብሩን ደረሰኝም ጠየቀች፤ ውዝፍ ካለ ለስም ማዛወር ስትሄዱ ከፊታችሁ ይቆማል። ይዞታው ነባር፣ ማለትም በሊዝ ያልተያዘ መሆኑንም አስተዋለችና በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ገዢው መሬቱን በሊዝ እንደሚይዝ ነገረችን። ማለትም ሻጩ ሲከፍሉት የኖሩትን የዓመት ኪራይ አይተን "ይቺ ናት ወጪያችን" እንዳንል ነው። ደላላው ይህን አልነገረንም። ለነገሩ ማን ደላላ ይነግራል?

ከዚያ ሜትር ይዘን ግቢውን ለካን። የካርታውን ፎቶ ኮፒ ይዛ እሷ ራሷ በጫማዋ ጭቃ ውስጥ ገባች። ከኋላ በኩል አጥሩ ከካርታው አንድ ሜትር ገደማ ወጥቷል፣ ሰርቪሱም በከፊል እዚያ ላይ ነው ያረፈው። ሽማግሌው ሳቁና "ከጎረቤት ጋር በስምምነት ነው፣ ድሮ" አሉ። ጎረቤቱም መጡ፣ እውነት ነው አሉ። እናቴ እንግዲህ ከተስማሙ ምን ቸገረን አለች። ጠበቃዋ ግን "እማማ፣ የተስማሙት እሳቸው ናቸው፣ ነገ ልጃቸው ቢመጣ?" አለቻት። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ። ውሉ ላይ የምንገዛው በካርታው ላይ ያለውን ስፋት እንደሆነ፣ ሰርቪሱ በከፊል ከይዞታው ውጭ መሆኑን እንደምናውቅ ተጻፈ። ለዚያም ከዋጋው ላይ ትንሽ ተቀነሰልን። የተቀነሰው ብር የጠበቃዋን ክፍያ ሸፈነ ብል አላጋነንኩም።

ዋጋ ላይ ደግሞ ደላላው የለመደውን አመጣ፦ ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ፣ ግብር ይቀንሳል። እሷ አልጽፍም አለች። ምክንያቷም ቀላል ነው። ሕገ ወጥ ነው። ደግሞ ውሉ ነገ ቢፈርስ እናንተ መልሱልኝ ማለት የምትችሉት የተጻፈውን ነው፣ ቀሪውን በምን ታስረዳላችሁ? ማዘጋጃ ቤቱም የራሱን ግምት ስለሚሠራ የተባለውን ያህል ላትጠቀሙ ትችላላችሁ። የስም ማዛወሪያው ቴምብር ቀረጥ በአዋጅ ቁጥር 110/1990 የዋጋው 2 ከመቶ ነው። እሱን ገዢ፣ በሽያጩ ትርፍ ላይ የሚመጣውን ግብር ሻጭ እንደሚከፍል በግልጽ አስቀመጠችው። ብዙ ውል ላይ ይህ ይዘለላል፣ ከዚያ መስኮቱ ፊት ጭቅጭቅ ነው።

የፈረምንበት ቀን ብዙ የሚወራለት አይደለም። የውል ማዋዋያ ቢሮ ሄድን፣ መታወቂያ ታየ፣ የሻጩ ሚስት የሞት ማስረጃ ታየ፣ ልጆቹና ተወካዩ ፈረሙ፣ ምስክሮች ፈረሙ፣ ባለሥልጣኑ ውሉን አንብቦ "ተስማምታችኋል?" አለ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን የሚለው ቁጥር 2877 ነው። በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ይሁን የሚለው ደግሞ 1723። በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ስንት ክስ ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ሄዷል። ስለዚህ "እቤት በሽማግሌ ፊት ተፈራርመናል፣ ይበቃል" አትበሉ። ሽማግሌ መልካም ነው፣ ግን ለዕርቅ። ብሩን በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ባረጋገጠው ቼክ ከፈልን። የመጨረሻው ክፍያ ካርታው በእናቴ ስም ሲዞር እንዲሆንም አስደረገች፤ ሻጩ ትንሽ ቅር አላቸው፣ በኋላ ግን ተስማሙ።

ሻጭ ለሆናችሁም አንድ ሁለት ነገር። ሽማግሌው የራሳቸው ጠበቃ ቢኖራቸው ጥሩ ነበር። ገዢው ቀሪውን ባይከፍል ምን እንደሚሆን፣ ቤቱን መቼ እንደሚለቁ፣ ውሉን ያፈረሰ ሰው የሚከፍለው ገደብ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅላቸው ሰው አልነበረም። የእኛ ጠበቃ ፍትሐዊ ስለሆነች የሚለቁበትን ቀን ራሷ አንስታ ጻፈችው እንጂ ግዴታዋ አልነበረም። የወራሽነት ማስረጃውንም ገዢ ከመምጣቱ በፊት ቢያወጡት ኖሮ ሽያጩ ባልዘገየ ነበር። ባለትዳር የሆናችሁ ደግሞ ሚስት ወይም ባል ሳይፈርሙ የጋራ ቤት አይሸጥም፣ የክልሉ የቤተሰብ ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው። ያላገባችሁም ያላገባ የሚል ማስረጃ አዘጋጁ።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ላልናገረው ያሰብኩት ነገር አለ፣ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ከተማ ዳር ያለ የእርሻ መሬት ቆርሰው የሚሸጡላችሁ አሉ። ርካሽ ነው፣ ያጓጓል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፣ የይዞታ ደብተሩም የሚያረጋግጠው እሱን ነው። ስለዚህ ሽያጩ በብድር ስም ወይም በስጦታ ስም ይጻፋል። እኔ እዚያው ቢሮ ተቀምጬ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ውል ጻፊልኝ ብሎ መጣ። ጠበቃዋ "ብድር ካልክ ያለህ ብድር ነው፣ መሬት የለህም" ብላ መለሰችው። ሰውየው ተናዶ ወጣ፣ ሌላ ጋ እንደሚያስጽፍ እየዛተ። የሚጽፍለት አያጣም።

አሁን ወደ ቀነስኩት ኮከብ።

አንደኛ፣ ክፍያው መጀመሪያ በቃል ነበር። የቁርጥ ዋጋ ነው የነገረችን፣ ከደላላው ኮሚሽን ከግማሽ በታች፤ ተመጣጣኝ ነው። ግን ምን ምን እንደሚያካትት አልተጻፈም ነበር። ስም ማዛወሩን ትከታተላለች ብለን ነበር፣ እሷ ደግሞ እስከ ውል ምዝገባ ነው ያልኩት አለች። እኔ በጽሑፍ ይሁን ካልኩ በኋላ ነው የተስተካከለው። ውል የምትጽፍ ሴት የራሷን ውል በቃል መያዟ አስቆኛል። እናንተ ገና ስትገቡ የአገልግሎት ውል ፈርሙ፦ ስንት፣ መቼ፣ ለምን ለምን፣ የቴምብርና የመመዝገቢያ ወጪ በማን።

ሁለተኛ፣ ለመጀመሪያው ክፍያ ደረሰኝ ለማግኘት ደጅ ጠናሁ። ዛሬ ነገ፣ ፓዱ አልቋል፣ ጸሐፊዋ የለችም። በመጨረሻ ሰጠችኝ። ግን ከሻጭ የግብር ደረሰኝ ያንን ያህል የምትጠይቅ ጠበቃ የራሷን ማዘግየት አልነበረባትም።

ሦስተኛ ስልኩ ነው። ችሎት ስትገባ ታጠፋዋለች፣ ስትወጣ ማብራት ትረሳለች። ቴሌግራም ላይ ብትጽፉላት ማታ፣ ብዙ ጊዜም በማግስቱ ነው የምትመልሰው፣ ያውም በሁለት ቃል። ለቸኮለ ሰው አልመክራትም። የምትፈልጓት ከሆነ ጠዋት ችሎት ከመጀመሩ በፊት ቢሮዋ በር ላይ ቁሙ፣ ካርታውን፣ የግብር ደረሰኙንና የጋብቻ ወይም የሞት ማስረጃውን ዋናውን ከነኮፒው ይዛችሁ። ኮፒ ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ትመልሳችኋለች።